የሱፍ አበቦቹ የጠጡት

እሑድ፣ ነሐሴ 4

ጭንቅላታቸው የለም። አገዳው ቆሟል፣ ቅጠሉ አለ፣ ከላይ ግን ሁሉም ተቆርጠዋል። ሻንጣዬን ከመኪናው ሳላወርድ በጓሮ በኩል ዞሬ ያየሁት ይህንን ነው።

ከዳላስ መመለሴ ነው። የአክስቴ ልጅ ሠርግ ከጾሙ በፊት አልቆ ነበር፤ እህቴ ግን "ትንሽ ሰንብቺ" እያለች አልለቀቀችኝም። (ስለ ሠርጉ ብዙ የሚወራ አለ። ሙሽራው ኬኩን ከሙሽራዋ በፊት እናቱን እንዳጎረሰ ብቻ እዚህ ይመዝገብልኝ። የምጽፍበት መጽሔት ላይ ግን አይወጣም፣ ዘመድ ናቸው።)

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ስኩረሎቹን፣ የዚህን አገር ሽኮኮዎች ነው። የሰፈራችን የኮሌጅ ፓርክ ስኩረል ዓይን አውጣ ነው፣ ሰው አይፈራም። ግን ስኩረል በመቀስ አይቆርጥም። አገዳዎቹ የተቆረጡት በስለት ነው፣ በሰያፉ፣ በእንክብካቤ።

እነዚህ አበቦች ለጌጥ አልተተከሉም። ቤቱን የገዛን ሰሞን ጎረቤታችን "ከአጥሩ ማዶ ድሮ የመኪና ባትሪ የሚፈታበት ጋራዥ ነበር" ብሎ ሹክ አለኝ። አፈሩን በላስቲክ ቋጥሬ ወደ ካውንቲው የእርሻ ቢሮ ወስጄ አስመረመርኩት። ሊድ አለበት። በአማርኛችን እርሳስ የምንለው ብረት፣ ለሕፃንና ለእርጉዝ ሴት ጠላት። "የሚበላ ነገር እንዳትተክሉበት" አሉን። የጎመኑን ሐሳብ ተውኩና የሱፍ አበባ ተከልኩ፤ ከተበከለ አፈር ብረቱን በሥሩ እየሳበ ይጠጣል የሚል ነገር አንብቤ ነበር። የእርሻ ቢሮው ሰው "ዘገምተኛ ነገር ነው፣ ብዙ ተስፋ አታድርጊበት፣ አፈሩን በኮምፖስትና በእንጨት ፍቅፋቂ መሸፈን ይሻላል" ብሎኝ ነበር። ልቤ ግን አበባው ላይ ወደቀ። አበባ አፈር ሲያጥብ! ለዓምዴ ከዚህ የተሻለ ነገር ከየት ይመጣል? ሲደርቅ ከነሥሩ ነቅዬ፣ በላስቲክ አስሬ፣ ከቆሻሻ ጋር ልሸኘው ነበር ያሰብኩት።

ይህን ሁሉ እማማ ጥሩነሽ አያውቁም። እማማ የባለቤቴ የዳንኤል እናት ናቸው። ጡረታ የወጡ መምህርት፣ በሰኔ ከአርባ ምንጭ ሊጠይቁን የመጡ። ዳንኤል "ልጄ መርዝ ላይ ቤት ገዛ ብላ እንቅልፍ አይወስዳትም፤ እንግዳ ናት፣ ደስ ብሏት ትመለስ" አለ። እኔም እሺ አልኩ። ክፉ ነገር ለወላጅ ቀስ ተብሎ ነው የሚነገረው፤ ቀስ የሚባለው ነገር ደግሞ እኛ ዘንድ ዓመት ይፈጃል።

ሻንጣዬን አውርጄ ስመጣ እማማ በሩ ላይ ተቀበሉኝ፣ ጉንጬን አገላብጠው ሳሙኝ።

"ሱፉን አየሽው ልጄ? ወፍ ሳይጨርሰው ደረስኩለት! ገና እንደሄድሽ ቆርጬ፣ መኪና ማቆሚያው ውስጥ አድርቄ፣ ፈልፍዬ ጨረስኩት።"

"የት አለ እማማ?"

"ዛሬ ጠዋት ለቤተ ክርስቲያን አስረከብኩ። ፍልሰታ አይደል? ሕፃናቱ ሁሉ ይጾማሉ። ሱፍ ፍትፍት ይሠሩላቸዋል።"

ሻንጣው ላይ ተቀመጥኩ። እማማ "መንገዱ አድክሟታል" ብለው ውሃ አመጡልኝ።

ዳንኤል ከኤርፖርት ሥራው ሲገባ ወደ መኝታ ቤት ጎትቼ ነገርኩት።

"የምን ሱፍ?"

"ይኼ እማማ በጥብጠው ያጠጡህ።"

"ያ ከሱቅ አይደለም እንዴ?" ዓይኑ ፈጠጠ። "ሁለት ብርጭቆ ነው እኮ የጠጣሁት! ስኳር ጨምሬ!"

ጓሮውን እንኳ አላየም። ባል ማለት እንዲህ ነው፤ አበባ ተቆርጦ ሁለት ሳምንት ሙሉ አያይም።

ሰኞ፣ ነሐሴ 5

ጠዋት ቅዳሴ ሳይወጣ ቤተ ክርስቲያን ደርሼ ፓርክ አደረግኩ። ያለ ቁርስ፣ ያለ ሜካፕ፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ። በመንገድ ላይ የፈራኋቸው ነገሮች፦ ከረጢቱ ተወቅጦ እንዳይሆን፤ ተወቅጦ ተበልቶ እንዳይሆን፤ ተበልቶ ደግሞ "ከሮማን ቤት የመጣው ሱፍ ነው" ተብሎ ስሜ ተነስቶ እንዳይሆን። ሦስተኛውን ከሁለተኛው እኩል መፍራቴን ሳየው ራሴን ታዘብኩት።

ወጥ ቤቱ በወይዘሮ አስካለ እጅ ነው። እትዬ አስካለ ካልፈቀዱ እዚያ ቤት ጨው እንኳ ከቦታው አይነሳም። ከረጢቱ ጥግ ላይ ቆሟል፣ አፉ እንደታሰረ። አምላኬ!

"እትዬ አስካለ፣ ይህንን ልወስደው ነው።"

"ወዴት? ረቡዕ ልወቅጠው እኮ ነው።"

"ተባይ አለበት።"

"ተባይ?" ሰፌዱን አስቀመጡ። "ትናንት በእጄ አበጥሬዋለሁ። እንኳን ተባይ አቧራ አላየሁበትም። የአማትሽ እጅ ንጹሕ ነው።"

"ውስጥ ውስጡን ነው የሚበላው፣ አይታይም።" ሐሰት አፌ ላይ እንዲህ ሲቀል ገርሞኝ አያውቅም፤ የዛሬው ግን ገረመኝ።

ከከረጢቱ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ከረጢቱ አዩ። ከዚያ "ውሰጂ በቃ" አሉኝ። ከረጢቱን አቅፌ ስወጣ አንድ ትልቅ ነገር ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር። በሩ ላይ ስደርስ ከኋላዬ ጠሩኝ፦

"አማትሽ ግን ምን ዓይነት ሰው ናቸው! ሰላም ሱፍ አማረኝ ብትላቸው ጊዜ፣ ትናንት አንድ ጠርሙስ በጥብጠው ይዘውላት መጡ። እዚሁ ቆማ ጨረሰችው። ፊቷ ሲበራ ብታዪ!"

ሰላም። ስኔልቪል የምትኖረው ጓደኛዬ ሰላም። የዲቪ ሰላም፣ የሆቴል ሪሴፕሽኗ ሰላም፣ ባሏ ትራክ ይዞ ከስቴት ስቴት የሚዞርባት ሰላም። ስድስት ወሯ ነው። ስንት ዓመት ለምና፣ ስንት ጠበል ተጠምቃ፣ ስንት ሐኪም አይታ ያገኘችው የመጀመሪያ ልጇ ነው። ቤቢ ሻወሯን የማዘጋጀው እኔ ነኝ።

እርጉዝ ያማራትን ማን ይከለክላል? እማማ የተማሩትን ነው ያደረጉት።

መኪናው ውስጥ ከረጢቱን ከጎኔ አስቀምጬ ሲትበልት አሰርኩለት። ካላሰርኩለት መኪናው ይጮሃል።

አልደወልኩላትም። ነገ፣ የእርሻ ቢሮውን ሰው ካናገርኩ በኋላ። ምን እንደምላት ሳውቅ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 6

ሰውዬውን አገኘሁት። በሱ ቦታ ሌላ ሰው ቢሆን ይቆጣ ነበር፣ እሱ አልተቆጣም። አበባው ብረቱን የሚይዘው በብዛት ሥሩ ላይ ነው አለኝ፤ ፍሬው ድረስ የሚወጣው ብዙውን ጊዜ ጥቂት ነው። ደስ ብሎኝ ልዘጋው ስል "ግን" አለ። የዚህን አገር "ግን" እፈራዋለሁ። ልጣጩ ላይ የጓሮ አቧራ ይኖራል፣ የናንተን አፈር ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ ሳይመረመር ደህና ነው አልልሽም። ፍሬውን ለላብራቶሪ ላኪው፣ ጊዜ ይወስዳል። የጠጣችው ሴት እርጉዝ ከሆነች ግን የላብራቶሪውን አትጠብቂ፤ ለሐኪሟ ዛሬውኑ ትንገርና ደሟን ትመርመር።

ዛሬውኑ አለ።

ፍሬውን ላክሁ። ይህቺ እንኳ ተሳካችልኝ።

ለሰላም የጻፍኳቸውና ያጠፋኋቸው፦

ሰላምዬ፣ ሕፃኑ እየረገጠ ነው?

ሰላምዬ፣ የማይረባ ነገር ነው፣ ግን

ሰላም፣ ስታገኚ ኮል አድርጊኝ። (ይህቺን ልልክ ነበር። "ኮል አድርጊኝ" ብቻ የሚል ቴክስት ለእርጉዝ አይላክም፣ ሰው የሞተ ይመስላል።)

ዳንኤል ደግሞ "የላብራቶሪው ውጤት ይምጣ፤ ምንም ከሌለው በከንቱ አስደንግጠሻት ልትቀሪ ነው" አለኝ። ደስ የሚል ምክር ነው። ሰው የሚፈልገውን ነገር ሲመክሩት እንዴት ብልህ ይመስሉታል።

"ሰውዬው አትጠብቂ ነው ያለው" አልኩት።

"ሰውዬው ሰላምን አያውቃትም። ባለፈው ለጉንፋን እንኳ ኢመርጀንሲ ሄዳለች።"

እንዲህ መኝታ ቤት በር ዘግተን እየተንሾካሾክን እማማ ሳሎን ነበሩ። ስወጣ ቴሌቪዥኑን አጥፍተው መስኮቱን ያያሉ። "ሻይ ላፍላልዎ?" አልኳቸው። "አትቸገሪ" አሉኝ። እማማ ሻይ እምቢ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም።

መጽሔቱ ጽሑፌን እየጠበቀ ነው። "አበባ አፈር ሲያጥብ" የሚለው ረቂቅ ኮምፒውተሬ ላይ አለ። ከፍቼ ሁለት መስመር አንብቤ ዘጋሁት። ሳቅ የሚያሰኝ ነገር ነው የጻፍኩት። ማንንም የማይጎዳ የሚመስል።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 7

እማማ ሻንጣቸውን አልጋ ላይ ከፍተው ልብስ ሲያጥፉ አገኘኋቸው። መመለሻቸው ገና መስከረም ነው።

"እማማ፣ ምን እያደረጉ ነው?"

"የቲኬቱን ቀን ማስቀየር ይቻላል ብሎኛል ዳንኤል ድሮ። ይቀየርልኝ።" ነጠላቸውን አጠፉ፣ ፈቱ፣ እንደገና አጠፉ። "በር ተዘግቶ ሲወራ ሰንብቷል። ልጅ አሳድጌያለሁ፣ ተማሪ አስተምሬያለሁ፤ ስለ እኔ ሲወራ አውቃለሁ። ሸክም ከሆንኩ ንገሩኝ። እንግዳ ሲበዛ ይከብዳል፣ አልቀየምም።"

እዚያው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ጋራዡን፣ አፈሩን፣ አበባው ለምን እንደተተከለ፣ ዳንኤልና እኔ ለምን እንደደበቅን። ሰላምን መጨረሻ ላይ አደረግኳት።

ያለቅሳሉ ብዬ ነበር። አላለቀሱም። መነጽራቸውን አውልቀው በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉ።

"እኛ አገር" አሉ፣ "ወንዙ ሲደፈርስ የሽፈራው ዛፍ ፍሬ ወቅጠን እንጨምርበታለን። ፍሬው ድፍርሱን ሁሉ ይዞ ወደ ታች ይወርዳል። ውሃውን ከላይ ቀድተን እንጠጣለን። ዝቃጩን ግን ልጅ በማይደርስበት ነው የምንደፋው። ለተማሪዎቼም ይህንኑ አስተምር ነበር። ቆሻሻ ያነሳ ነገር ቆሻሻውን ይዞ ነው የሚቀረው።" መነጽሩን አደረጉ። "አንድ ቃል ብትነግሪኝ ኖሮ ወደዚያ ጓሮ እጄን እሰድ ነበር?"

"አይሰዱም ነበር።"

"ታዲያ ምን ሆናችሁ ነው እንደ ሕፃን የደበቃችሁኝ? እንቅልፍ እንዳላጣ ነው? ይኸው ዛሬ አጣሁላችሁ።"

ዳንኤልን ጠሩት። በሩ ላይ እንደ ሰባተኛ ክፍል ተማሪ ቆመ።

"እማዬ፣ እንዳትጨነቂ ብዬ እኮ ነው።"

"ዳንኤል፣ አባትህ ሲታመም ስንት ወር ደበቃችሁኝ?"

እኔም ያኔ ከደበቁት ውስጥ ነበርኩ።

"ነገ ወደ ልጅቱ ቤት ውሰዱኝ። ያጠጣኋት እኔ ነኝ፣ እኔው እነግራታለሁ።"

"ዛሬ እንደውልላት" አልኩ። አሁን ሳስበው ከሰኞ ወዲህ ያልኩት የመጀመሪያው ትክክለኛ ነገር ነው። ደወልኩ። አላነሳችም፣ ሥራ ላይ ናት። "ነገ ጠዋት እማማን ይዤ እመጣለሁ፣ የጤና ጉዳይ ነው፣ ብቻሽን ሆነሽ እንዳትጨነቂ" ብዬ ላክሁ።

"ኦኬ?? ያስፈራል" ብላ መለሰች።

ሻንጣው እንደተከፈተ አለ። አልዘጉትም፣ አላራገፉትምም።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 8

ቱ ኤይቲ ፋይቭ አውራ ጎዳና ላይ መኪና ተጋጭቶ ቆመን ቀረን። እማማ ከጎኔ ነጠላቸውን እንደ ለቅሶ ቤት ተከናንበው ዳዊታቸውን ይደግማሉ። እኔ መሪውን በጣቴ እደበድባለሁ። ዳንኤል ሥራ ነው፤ ቢመጣም ሦስታችንም ተደርድረን ስንገባ ልጅቷ ትወልድብን ነበር።

ሰላም በሩን ስትከፍት ሆዷ ቀድሟት ወጣ። "ግቡ፣ ግቡ፣ ሌሊቱን ሙሉ ጉግል ሳደርግ ነው ያደርኩት" አለች።

እማማ አልተቀመጡም። "መጀመሪያ ልናገር፣ ከዚያ ካስቀመጥሽኝ እቀመጣለሁ።" ነገሯት። ቀስ ብለው፣ ሳይጨምሩ፣ ሳይቀንሱ፣ እኔንም ልጃቸውንም ሳይወቅሱ። "ሳላውቅ ነው። አላወቅሁም ማለት ግን ላንቺ ምን ይረባሻል? ሐኪምሽ ይስማ፣ ደምሽ ይታይ።"

ሰላም ሆዷን በሁለት እጇ ያዘች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"አንቺ መቼ ነው ያወቅሽው?"

"ሰኞ።"

"ዛሬ ምንድነው?"

"ሐሙስ።"

"ሮሚ፣ አንቺ እኮ የሰው ፍቺ ስትሰሚ በአሥር ደቂቃ ቴክስት ታደርጊኛለሽ!" ድምፏ ተሰበረ። "የማላውቀው ሰው ፍቺ! ሊትረሊ የማላውቀው! የኔን ልጅ ነገር አራት ቀን ያዝሽው?"

አፌን ከፈትኩ። ልል የነበረው "ላብራቶሪው" የሚል ነገር ነበር። ዘጋሁት።

ሐኪሟ ጋ ደወለች፣ በእንግሊዝኛ፣ በሪሴፕሽን ድምፏ፣ ጸጥ ባለ ሁኔታ። "አሁኑኑ ነይ" አሏት። እኔ ነዳሁ። ሰላምና እማማ ከኋላ ተቀመጡ፣ እኔ እንደ ታክሲ ሹፌር ብቻዬን ፊት። በመስተዋቱ ሳይ እጇን እማማ ይዘውታል። እማማ በሹክሹክታ አንድ ነገር ሲሏት "ኖ፣ ኖ፣ እርስዎን አይደለም እማማ" ስትል ሰማሁ።

ክሊኒኩ ስንደርስ በሩን ከፍታ ወረደች። "እማማ ይግቡ። አንቺ እዚሁ ጠብቂ።"

መርዙን ያጠጡት ገቡ። ያወቀችው ፓርኪንግ ሎት ቀረች። የሚገባ ፍርድ ነው፣ ይግባኝ የለኝም።

ፓርኪንግ ላይ ያደረግኋቸው ነገሮች፦ ቦርሳዬን አራገፍኩ። ቦርሳዬን መለስኩ። የመኪናውን ወንበር አስተካከልኩ። ስልኬ ላይ ስለ ሊድ አነበብኩ፣ አቆምኩ፣ እንደገና አነበብኩ። አንዲት እናት መንታ ጋሪ እየገፋች ስታልፍ በሩን ወርጄ ከፈትኩላት፤ "አላስፈለገም" አለችኝ፣ በሩ በራሱ የሚከፈት ነበር።

ሲወጡ ሰላም ክንዷ ላይ ጥጥ ለጥፋለች። ውጤቱ በሁለት ቀን ይደርሳል ተብላለች። እማማም እዚያው ከተማው ውስጥ ሌላ ክሊኒክ ይታዩ ተባለ፣ ዳንኤልም።

ቤቷ አደረስናት። እማማን ሳመቻቸው። ለኔ "ባይ" አለችኝ።

ዓርብ፣ ነሐሴ 9

ሳልጠራ ተነሳሁ። ቤት ውስጥ መቀመጥ አልቻልኩም።

እትዬ አስካለ ጋ ሄድኩ። ጎመን እየከተፉ ነበር። "የሰኞው ተባይ አልነበረም" አልኳቸው።

"እሱንስ አውቄአለሁ" አሉ፣ ቢላውን ሳያቆሙ። "ተባይ ያለበት እህል በሁለት እጅ አቅፎ የሚወስድ ሰው አይቼ አላውቅም።"

ነገርኳቸው። ቢላው ቆመ። ከዚያ ጥያቄ በጥያቄ ላይ፦ ከከረጢቱ ማን ቀመሰ? (ማንም፣ ታስሮ ነበር።) ያበጠሩበትን ሰፌድ ምን ያድርጉት? (ይታጠብ። "አጥበዋለሁ አልልሽም፣ እጥለዋለሁ" አሉ።) ሰላም ታውቃለች? (አዎ።) ታውቂያለሽ፣ ሰኞ ዕለት ብትነግሪኝ ያኔውኑ እኔ እደውልላት ነበር። (አውቃለሁ።) ሲጨርሱ ጎመናቸውን ቀጠሉ። "ይህን ነገር መጽሔትሽ ላይ ጻፊው" አሉኝ። "ስንቱ ነው አፈሩን ሳያስመረምር ጤና አዳምና ጎመን የሚተክለው። የሐሜት ነገር ብቻ ነው እንዴ የምትጽፊው?"

ከሰዓት በኋላ እማማና እኔ አገዳዎቹን ነቀልን። ጓንት፣ ማስክ፣ አሮጌ ጫማ። አፈሩን ቀድመን በውሃ አራስነው፣ አቧራ እንዳይነሳ። እማማ "አናቃጥለውም?" ሲሉኝ ሰውዬው ያለኝን ነገርኳቸው፤ ከተቃጠለ በጢስና በአመድ ይመለሳል፣ ብስባሽ ከተደረገም እዚያው አፈር ውስጥ ይገባል። በላስቲክ ታስሮ ይጣላል። "ገባኝ፣ ዝቃጭ ነው" አሉ። ሥሩ ከነጸጉሩ ሲወጣ ያስፈራል፤ ያን ሁሉ ጊዜ በጨለማ ሲጠጣ የኖረ ነገር።

ዳንኤል ከሥራ ሲመለስ ኮምፖስትና የእንጨት ፍቅፋቂ በመኪና ጭኖ መጣ። ማንም ሳይጠይቀው። አብረን ጓሮውን አለበስነው። እማማ ከደረጃው ላይ ቆመው "እዚያ ጥግ ሳስቷል፣ ዳኒ፣ ጨምርበት" እያሉ እንደ ፈተና ተቆጣጣሪ ያዙን። "ደሜን ሰጠሁ" አለኝ ዳንኤል በጎን፣ "ሁለት ብርጭቆ ስላት ነርሷ ሳቀችብኝ።" እኔም ሳቅሁ፣ ሳላስበው። ከዚያ ሰላም ትዝ ስትለኝ አፈርኩ።

ስልኬን ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልቆጠርኩም። ሰላም አልጻፈችም። እኔም አልጻፍኩም። ምን ልበል? እንዴት ነሽ? አላውቅም እንዴ እንዴት እንደሆነች።

የሻንጣው ነገር፦ ዛሬ ማምሻውን ስገባ ከአልጋው ወርዷል። ግን አልጋው ሥር ነው ወይስ ቁም ሳጥኑ ውስጥ፣ ለማየት አልደፈርኩም።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 10

ከቅዳሴ ስንመለስ የእማማ ስልክ ጮኸ። የድምፅ መልእክት። እማማ መልእክት ሲከፍቱ ሁልጊዜ በመላው ቤት እንዲሰማ አድርገው ነው፤ ዛሬ ተመስገን።

"እማማ፣ እኔ ነኝ፣ ሰላም። አሁን ደውለው ነገሩኝ። ደሜ ውስጥ ያለው ሎው ነው፣ በጣም ሎው፣ እንደ ማንኛውም ሰው ነው አሉኝ። ከመውለዴ በፊት አንዴ ይደግሙታል፣ ለማረጋገጥ ያህል ነው። ሕፃኑ ደህና ነው። አይጨነቁ፣ እሺ? ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎት።"

እማማ ሁለተኛ ከፈቱት። ሦስተኛ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ፣ ረቡዕ ያላለቀሱትን። ዳንኤል እግራቸው ሥር ተንበርክኮ "እማዬ፣ ከእንግዲህ ምንም አልደብቅሽም" ሲላቸው "ትደብቃለህ" አሉት ፀጉሩን እያሹ፣ "ግን ቶሎ ተናዘዝ።"

እኔ ወጥ ቤት ገብቼ ውሃ ከፈትኩ። የሚታጠብ ዕቃ አልነበረም።

መልእክቱ ውስጥ ስሜ የለም። አንድም ቦታ። ስንት ጊዜ እንደሆነ ሳልቆጥር ደጋግሜ ሰማሁት፣ ስሜን ፍለጋ። ደግሞ እንዴት ያለሁ ሰው ነኝ፣ ሕፃኑ ደህና ተብሎ እኔ ስሜን እፈልጋለሁ።

የፍሬው የላብራቶሪ ውጤት ገና ነው። የእማማና የዳንኤልም ሰኞ ይደርሳል። ጽሑፌን ግን ጀመርኩ። "አበባ አፈር ሲያጥብ" የሚለውን ሰርዤ "ጓሮአችሁን አስመርምሩ፣ ያገኛችሁትንም ለቤተሰብ በሙሉ ንገሩ" በሚል ጀመርኩት። ደረቅ ነው። ማንም አይስቅበትም። ይሁን።

ከሰዓት በኋላ ስልኬ ብልጭ አለ። ሰላም።

"ሰኞ ሁለት ሰዓት ተኩል አልትራሳውንድ አለኝ። ባሌ ኦክላሆማ ነው። ራይድ ትሰጪኛለሽ?"

"እመጣለሁ" አልኩ። ብዙ ልጽፍ ነበር። ይቅርታ፣ ይቅርታ፣ አንቺ የኔ እህት የሚል አንድ ገጽ። "እመጣለሁ" ብቻ ላክሁ።

እየጻፈች መሆኑን የሚያሳዩት ነጠብጣቦች ብቅ አሉ፣ ጠፉ፣ ብቅ አሉ።

"በሰዓቱ ነይ" አለች።

ውስጥ ልግባ ወይስ መኪና ውስጥ ልጠብቅ፣ አልጠየቅኋትም። እሷም አላለችም። ቤንዚን ልሞላ ወጥቼ ተመለስኩ። የኋላውን ወንበር ጠረግሁ። ስኔልቪል ድረስ በጠዋት ትራፊክ ስንት እንደሚወስድ አየሁ፣ ያየሁት ላይ ሌላ ያን ያህል ጨመርኩ።

ገና ቅዳሜ ነው። ጫማዬን አድርጌ ተቀምጫለሁ።